የእርሻ መሬትን አሳርፎ ከመንግሥት ኪራይ መቀበል፦ የአሜሪካው ሲአርፒ ከማመልከቻ እስከ ውል ማብቂያ

አሜሪካ ውስጥ የእርሻ መሬት ያለው ሰው መሬቱን ሳያርስ በየዓመቱ ከመንግሥት ኪራይ የሚቀበልበት ሕጋዊ መንገድ አለ። ስሙ ኮንሰርቬሽን ሪዘርቭ ፕሮግራም ነው። ገበሬውም የመንግሥት ሠራተኛውም በአጭሩ ሲአርፒ ይለዋል። አፈሩ በቀላሉ የሚሸረሸር ወይም ወንዝ ዳር ያለ የሰብል መሬት ከ10 እስከ 15 ዓመት ከእርሻ ይወጣል። በሣር፣ በዛፍ ወይም በአበባማ ዕፅዋት ይሸፈናል። መንግሥት ደግሞ በኤከር እያሰላ በየዓመቱ ይከፍላል። መሬቱ ግን የእናንተው እንደሆነ ይቀጥላል።

ይህን የምጽፈው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታ፣ በቴክሳስም ሆነ በሌላ ስቴት ከከተማ ወጣ ብለው መሬት ለገዙ ወይም ለመግዛት ለሚያስቡ ወገኖች ነው። "መሬት ግዛ፣ መንግሥት ብር ይሰጥሃል" ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ይህ ወሬ ሰውን ያሳስታል። ሲአርፒ ረጅም ውል ነው። ውሉን ያፈረሰ ሰው የወሰደውን ሁሉ ከነወለዱ ይመልሳል። የሥራው ቅደም ተከተልም ወሳኝ ነው። ዘሩን ቀድሞ ዘርቶ ቢሮ በኋላ የሄደ ሰው የዘሩን ወጪ የሚካፈለው አያገኝም። ስለዚህ ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ አንብቡት።

መንግሥት ለምን ይከፍላል?

በ1930ዎቹ በአሜሪካ መካከለኛ ሜዳዎች ላይ ከባድ ድርቅ ገባ። ሣሩ ተገልብጦ የታረሰው አፈር በነፋስ ተነሳ። አቧራው ዋሽንግተን ድረስ ደረሰ። ሂው ሃመንድ ቤኔት የተባለው የአፈር ባለሙያ ኮንግረስን ሲወተውት ቆይቶ በ1935 የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሕግ ተቋቋመ። ያ መሥሪያ ቤት ዛሬ ኤንአርሲኤስ ይባላል፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግማችሁ ታገኙታላችሁ። በ1956 ሶይል ባንክ የተባለ መሬት የማሳረፍ ፕሮግራም መጣ። ሲአርፒ ራሱ የተወለደው በ1985 የግብርና ሕግ ነው። በ2007 ወደ 36.8 ሚሊዮን ኤከር መሬት በዚህ ውል ሥር ነበር። ከዚያ በኋላ ኮንግረስ ጣሪያውን ዝቅ አደረገው፤ የ2018ቱ ሕግ ያስቀመጠው ጣሪያ 27 ሚሊዮን ኤከር ነው።

በወሎ ወይም በሰሜን ሸዋ የእርከን ሥራ ያየ ሰው ሐሳቡን ለመረዳት አይቸገርም። እዚያም ተዳፋቱ ከእርሻና ከልቅ ግጦሽ ይከለላል፤ ሣሩ ሲመለስ ቦረቦሩ ይደፈናል፤ ምንጩም ይጎለብታል። ልዩነቱ፣ በአገራችን ገበሬው ለተፋሰስ ሥራ በብዛት የሚወጣው ያለ ክፍያ ነው። እዚህ ግን መንግሥት ባለመሬቱን "ከዚህ መሬት የምታጣውን ገቢ እኔ ልካስህ" ይለዋል።

አንደኛ፦ ለእናንተ የሚስማማውን ዓይነት ለዩ

ሲአርፒ አንድ ስም ይዞ በተለያየ መንገድ የሚሰጥ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው "ጄነራል" የሚባለውን ነው። እዚህ ሙሉ ማሳችሁን ልታቀርቡ ትችላላችሁ፤ ግን ውድድር አለው። የምዝገባው ጊዜ የሚታወጅ ሲሆን ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ይከፈታል። ማመልከቻዎች በነጥብ ይወዳደራሉ፤ ከመቁረጫው በታች የወደቀ ይቀራል።

ሁለተኛው "ኮንቲኒውየስ" ነው። ይህ ለትናንሽ ግን ትልቅ ጥቅም ላላቸው ቦታዎች የተዘጋጀ ነው። የወንዝ ዳርቻ፣ ውሃ የሚወርድበት ቦይ፣ የነፋስ መከላከያ ዛፍ፣ ለንብና ለቢራቢሮ የሚሆን የአበባ መስክ እዚህ ይገባሉ። በነጥብ ውድድር የለውም። መሬቱ መስፈርቱን ካሟላና በጣሪያው ውስጥ ቦታ ካለ ተቀባይነት ያገኛል። ከውድድሩ ይልቅ ይህን የምመክርበት ምክንያት አለኝ፤ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ክሬፕ ይባላል። የፌዴራሉ መንግሥትና ስቴቱ አብረው የሚከፍሉበት ነው። በአገሪቱ የመጀመሪያው የክሬፕ ስምምነት የተፈረመው በ1997 ከሜሪላንድ ጋር ነው፤ ዓላማውም የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤን ውሃ ማጥራት ነበር። ቨርጂኒያና ሚኒሶታም የየራሳቸው ክሬፕ አላቸው። መሬታችሁ በእነዚህ ስቴቶች ወንዝ ዳር ከሆነ ገና ቢሮ እንደገባችሁ ስለ ክሬፕ ጠይቁ። ከስቴቱ የሚጨመረው ገንዘብ ሒሳቡን ሊቀይረው ይችላል።

የቀረው "ግራስላንድ" ነው። ይህኛው ለግጦሽ መሬት ነው። ከብት ማርባታችሁን ትቀጥላላችሁ፤ መሬቱን ግን አታርሱትም፣ ቤትም አትሠሩበትም። ክፍያው ዝቅ ያለ ነው፤ ከግጦሹ ዋጋ ከ75 በመቶ አይበልጥም። በግ፣ ፍየል ወይም ከብት ለሚያረባ ሰው ግን ሥራውን ሳያቆም የሚያገኘው ገንዘብ ነው።

አትክልት እያመረታችሁ መቀጠል ከፈለጋችሁ ሲአርፒ የእናንተ አይደለም። ኤንአርሲኤስ ኢክዊፕና ሲኤስፒ የሚባሉ ሌሎች ፕሮግራሞች አሉት። እነሱ የሚከፍሉት እያረሰ ለሚጠብቅ ሰው ነው። ጎመንና ቃሪያ በፕላስቲክ ቤት ለማምረት የሚያስቡ ሰዎች በኢክዊፕ በኩል የፕላስቲክ ቤቱን ወጪ በከፊል ማግኘት ይችላሉ። ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ሁለተኛ፦ መሬቱም እናንተም መስፈርቱን ማሟላታችሁን አረጋግጡ

ለጄነራልና ለኮንቲኒውየስ መሬቱ የሰብል ታሪክ ሊኖረው ይገባል። በ2018ቱ ሕግ መሠረት ከ2012 እስከ 2017 ባሉት ስድስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ በአራቱ ሰብል የተዘራበት ወይም እንደተዘራበት የሚቆጠር መሆን አለበት። ታሪኩ የሚከተለው መሬቱን ነው። ከሌላ ሰው ብትገዙትም የድሮው ገበሬ የዘራው ይቆጠርላችኋል። በአንጻሩ፣ ጫካውን መንጥራችሁ ወይም ነባር ሣር ገልብጣችሁ አሁን ብታርሱ አይቆጠርም። እንዲያውም የሚሸረሸር መሬት ያለ ጥበቃ ዕቅድ ማረስ ወይም ረግረግ ማድረቅ ከሌሎች የግብርና ድጋፎችም ሊያስቀራችሁ ይችላል።

ጄነራል ላይ ለማቅረብ ከዚህ በተጨማሪ መሬቱ በጣም ተሸርሻሪ መሆን፣ ወይም በጥበቃ ቅድሚያ በተሰጠው አካባቢ መገኘት፣ ወይም ውሉ ሊያልቅ የተቃረበ የሲአርፒ መሬት መሆን አለበት። ተሸርሻሪነት የሚለካበት ቁጥር አለ፤ 8ና ከዚያ በላይ ከሆነ በጣም ተሸርሻሪ ይባላል። ይህን ቢሮው በአፈር ካርታው ያወጣላችኋል።

አሁን ወደ ባለቤቱ እንምጣ። አዲስ ገዢዎችን የሚያደናቅፈው የ12 ወር ደንብ ነው። የምዝገባው ጊዜ ከመዘጋቱ በፊት መሬቱን ቢያንስ ለ12 ወራት በባለቤትነት ይዛችሁ ወይም ስታርሱት ቆይታችሁ መሆን አለበት። በውርስ ያገኘ ሰው ከዚህ ነፃ ነው። የተገዛው ለሲአርፒ ተብሎ እንዳልሆነ ቢሮውን ያሳመነም ሊፈቀድለት ይችላል። ስለዚህ መሬት ሻጭ ወይም ደላላ "ዘንድሮውኑ ሲአርፒ ታስገባዋለህ" ካላችሁ ቀኑን ቆጥሩ።

ዜግነት ያልወሰዳችሁ ሰዎች አትስጉ። ግሪን ካርድ ያለው ቋሚ ነዋሪ ማመልከት ይችላል። ግሪን ካርድም ዜግነትም የሌለው ሰው ግን እንደ ውጭ አገር ሰው ይቆጠራል፤ ለክፍያው መሬትና ካፒታል ማቅረብ ብቻ አይበቃውም፣ የራሱን ጉልበትም በሰፊው ማፍሰስ ይጠበቅበታል። በተግባር ለሲአርፒ ይህ በጣም ይከብዳል። የገቢ ጣሪያም አለ፤ አማካይ ዓመታዊ ገቢው ከ900,000 ዶላር በላይ የሆነ ሰው በመሠረቱ አይከፈለውም። አንድ ሰው በዓመት የሚቀበለው የሲአርፒ ኪራይም ከ50,000 ዶላር አያልፍም።

መሬቱን እያረሰ ያለ ተከራይ ካላችሁ እሱንም አስቡት። ወደ ፕሮግራሙ ለመግባት ሲባል ተከራይን ማስወጣት ማመልከቻውን ሊያስጥል ይችላል። ተከራዩ የውሉ ተካፋይ ሊሆንም ይችላል። መጀመሪያ ከሰውየው ጋር ተቀመጡና ተነጋገሩ።

ሦስተኛ፦ የካውንቲውን ቢሮ አግኙ

ሲአርፒን የሚያስተዳድረው ኤፍኤስኤ ነው፤ ይህም በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሥር ያለ የእርሻ አገልግሎት ኤጀንሲ ነው። የምትሄዱት ወደምትኖሩበት ሳይሆን መሬቱን ወደሚያስተዳድረው ካውንቲ ቢሮ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የኤንአርሲኤስ ባለሙያዎችም እዚያው ሕንፃ ውስጥ አሉ። ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። ለማመልከት ክፍያ የለም። "ፎርሙን እሞላልሃለሁ፣ ከክፍያው ድርሻ ስጠኝ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተዉት።

ይዛችሁ የምትሄዱት የተመዘገበውን የባለቤትነት ሰነድ፣ መታወቂያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ወይም የድርጅቱን የግብር መለያ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ መረጃ ነው። ተከራይ ካለ የኪራይ ውሉንም ጨምሩ።

ቢሮው መሬታችሁን በፋርም (የእርሻው) ቁጥርና በትራክት (በእርሻው ውስጥ ያለው የቁራሽ መሬት) ቁጥር ያውቀዋል። ከትልቅ እርሻ ላይ የተቆረሰ መሬት የገዛችሁ ከሆነ መዝገቡ ገና በሻጩ ስም ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ለሁለት መከፋፈል አለበት። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ የምዝገባው ወቅት እስኪከፈት አትጠብቁ። መሬት በገዛችሁ በማግስቱ መዝገቡን አስተካክሉ።

ፎርሞቹ በርከት ይላሉ። ኤዲ-1026 የሚባለው ተሸርሻሪ መሬትንና ረግረግን እንደምትጠብቁ የምታረጋግጡበት ነው፤ ያለ እሱ ምንም ክፍያ የለም። ሲሲሲ-902 በእርሻው ውስጥ ማን ምን እንዳዋጣ ይገልጻል። ሲሲሲ-941 ገቢያችሁ ከጣሪያው በታች መሆኑን ያረጋግጣል። ማመልከቻው ራሱ ሲአርፒ-2 በሚባለው ላይ ይሞላል፤ ውሉ ሲአርፒ-1 ነው። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ የሚያስረዳችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ፤ ቤት ወስዶ አንብቦ መመለስ ነውር የለውም።

አሁን ደግሞ እኛ ዘንድ ስለተለመደው በጋራ መግዛት። ወንድማማቾች፣ ጓደኛሞች ወይም የዕቁብ አባላት ገንዘብ አዋጥተው መሬት ይገዛሉ። አንዳንዱ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የጋራ ድርጅት) ያቋቁማል፤ አንዳንዱ በአንድ ሰው ስም ይገዛና በቃል ይግባባል። የቃል ስምምነት ለሲአርፒ አይሆንም። ኤፍኤስኤ የሚከፍለው በሰነዱ ላይ ላለው ባለቤት ነው። ኤልኤልሲ ከሆነ ሲሲሲ-901 ላይ እያንዳንዱ አባል ከነድርሻው ይመዘገባል። እያንዳንዱ አባል የገቢ ማረጋገጫ ይሞላል፣ ዜግነቱ ወይም ነዋሪነቱም ይታያል። አንዱ አባል ብቁ ካልሆነ የእሱ ድርሻ ያህል ከክፍያው ይቀነሳል። ለመፈረም ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነም በመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ ይጻፍ። ይህን አስቀድማችሁ ካላስተካከላችሁ ውሉ ባለበት ይቆማል፤ ወዳጅነትም ይጎዳል።

መሬቱ ሩቅ ከሆነና መመላለስ ካልቻላችሁ ኤፍኤስኤ-211 በሚባለው የውክልና ፎርም ሌላ ሰው እንዲፈርምላችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። የሚወከለው ሰው የምታምኑት ይሁን፤ የሚፈርመው ውል እናንተን ነው የሚያስረው።

አራተኛ፦ ሒሳቡን ሥሩ

ብዙዎች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው። እናንተ አትቸኩሉ።

ዓመታዊው ኪራይ የሚሰላው የካውንቲው የሰብል መሬት አማካይ ኪራይ ላይ ተመሥርቶ፣ በእናንተ አፈር ምርታማነት ተስተካክሎ ነው። ባቀረባችሁት መሬት ላይ ሰፊ ቦታ የያዙት ሦስት የአፈር ዓይነቶች ይታያሉ። ከዚያ በ2018ቱ ሕግ መሠረት ለጄነራል 85 በመቶው፣ ለኮንቲኒውየስ 90 በመቶው ጣሪያ ይሆናል። ቢሮው ከመፈረማችሁ በፊት ቁጥሩን ይነግራችኋል።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው ለማሳያ ነው። 40 ኤከር መሬት አላችሁ እንበል። ይህ ወደ 16 ሄክታር፣ በጥማድ ስታስቡት ደግሞ 65 ጥማድ ገደማ ነው። የአፈራችሁ ተመን በኤከር 150 ዶላር ወጣ። ጄነራል ላይ ጣሪያው 127.50 ዶላር ይሆናል። በ40 ሲባዛ በዓመት 5,100 ዶላር ነው።

ያንኑ መሬት ለጎረቤት ገበሬ በ150 ብታከራዩት 6,000 ታገኛላችሁ። ታዲያ ሲአርፒ ለምን? መልሱ ያለው መሬቱ ላይ ነው። የካውንቲው አማካይ የሚሰላው ደጉንም ደካማውንም መሬት ቀላቅሎ ነው። ተዳፋት፣ ውሃ የሚቋጥር ወይም አሸዋማ ማሳ በገበያ 150 አያወጣም፤ አንዳንዱን ተከራይም አይፈልገውም። ለእንዲህ ዓይነቱ መሬት ሲአርፒ ያዋጣል። ለለም ሜዳ ግን ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ ለም ሜዳን ማሳረፍም ለአፈሩ ጥበቃ ያን ያህል አይጨምርም።

ወጪውንም ቁጠሩ። ዘሩና የዘር ሥራው 6,000 ዶላር ከፈጀ መንግሥት እስከ 50 በመቶ ይመልሳል፤ ማለትም እስከ 3,000 ዶላር። ግን የሚመልሰው ሥራው ካለቀና ደረሰኝ ከቀረበ በኋላ ነው። ኪራዩም የሚከፈለው ዓመቱ ካለፈ በኋላ፣ ከኦክቶበር 1 ወዲህ ነው። ውላችሁ ኦክቶበር 1 ቢጀምር የመጀመሪያውን ኪራይ የምታዩት በሚቀጥለው ዓመት ኦክቶበር ነው። እስከዚያ ከኪሳችሁ ነው። የመሬት ግብሩም አይቆምም፤ አረም መቆጣጠርም የእናንተ ነው። የባንክ ብድር ወርሃዊ ክፍያ በሲአርፒ ለመሸፈን አስባችሁ ከሆነ ገንዘቡ የሚመጣው በዓመት አንዴ መሆኑን አትርሱ።

አሁን ቅድም ወዳልኩት ልመለስ። ለብዙ ሰው ሙሉ ማሳውን ከማስገባት ይልቅ የማሳውን ጠርዝ በኮንቲኒውየስ ማስገባቱ የተሻለ ይመስለኛል። ከዚያው 40 ኤከር ላይ ወንዝ ዳር ያለውን 8 ኤከር ብቻ አቀረባችሁ እንበል። በ90 በመቶ ሲሰላ በኤከር 135፣ በዓመት 1,080 ዶላር ነው። ለአንዳንድ ሥራዎች የፊርማ ማበረታቻ አለ፤ የመጀመሪያውን ዓመት ኪራይ 32.5 በመቶ ያህል ይሆናል። በዚህ ምሳሌ 351 ዶላር ነው። ቀሪውን 32 ኤከር ማረሳችሁን ወይም ማከራየታችሁን ትቀጥላላችሁ። ያ ጠርዝ ብዙ ጊዜ እርጥብ፣ ጥላ የበዛበት፣ ትራክተር የሚያስቸግርና ምርቱ ደካማ የሆነ ቦታ ነው። ለወንዙ ግን ከሁሉም የሚጠቅመው እሱ ነው፤ ከማሳው የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ እዚያ ሣር ላይ ይቀራል።

አምስተኛ፦ ማመልከቻውን ተወዳዳሪ አድርጉት

ይህ ለጄነራል ነው። ማመልከቻዎች የሚወዳደሩበት መለኪያ የአካባቢ ጥቅም ነጥብ ነው። የዱር እንስሳት መጠለያ፣ የውሃ ጥራትና የአፈር መሸርሸርን መቀነስ እያንዳንዳቸው እስከ 100 ነጥብ ያስገኛሉ። ጥቅሙ ከውሉ በኋላ መዝለቁ እስከ 50፣ የአየር ጥራት እስከ 45 ነጥብ አላቸው። የመጨረሻው መመዘኛ ዋጋ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ አፈራችሁንና ቦታችሁን መቀየር አትችሉም። በእጃችሁ ያሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የምትዘሩት ሽፋንና የምትጠይቁት ዋጋ።

ሽፋኑን በቁጥር ይጠሩታል። ሲፒ1 ከውጭ የመጣ ሣር ነው፤ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይበቅላል፣ ነጥቡ ግን ዝቅተኛ ነው። ሲፒ2 የአገሬው ሣር ነው፤ እንደ ቢግ ብሉስቴም፣ ስዊችግራስና ኢንዲያንግራስ ያሉት ከአበባማ ዕፅዋት ጋር ተቀላቅለው ይዘራሉ። ሲፒ3 ዛፍ ነው። ሲፒ42 ለንብና ለሌሎች አበባ ቀሳሚዎች የሚሆን መስክ ነው። ሲፒ21 በወንዝ ዳር የሚዘራ ማጣሪያ ሣር ሲሆን ሲፒ22 ደግሞ የወንዝ ዳር ዛፍ ነው። ሲፒ33 በማሳ ጠርዝ ለድርጭትና መሰል ወፎች የሚተው መጠለያ ነው።

ብዙ ዓይነት የአገሬው ሣርና አበባ የተቀላቀለበት ሽፋን የዱር እንስሳት ነጥቡን ከፍ ያደርጋል። ዘሩ ይወደዳል፤ ግማሹን ወጪ ግን መንግሥት ስለሚጋራ ጭማሪው እንደሚያስፈራው አይደለም። የአገሬው ሣር ሥሩን ወደ ታች ስለሚሰድ በመጀመሪያው ዓመት ላይ ላዩን ትንሽ ሆኖ ይታያል። አረም የወረሰው ሊመስላችሁ ይችላል። ተስፋ አትቁረጡ፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዓመት ጠብቁ።

ዋጋውን በተመለከተ ከጣሪያው በታች መጠየቅ ይፈቀዳል፤ ነጥብም ይጨምራል። በቅድሙ ምሳሌ በኤከር 5 ዶላር ብትቀንሱ በዓመት 200 ዶላር፣ በ10 ዓመት 2,000 ዶላር ታጣላችሁ። ነጥባችሁ ከመቁረጫው አጠገብ ነው ብላችሁ ከገመታችሁ ያዋጣል። አፈራችሁ ራሱ ከፍ ያለ ነጥብ ካስገኘ ግን ገንዘባችሁን በከንቱ አትልቀቁ። ሠራተኛውን "በተለያየ ሽፋንና በተለያየ ዋጋ ነጥቤን አስላልኝ" በሉት። ይህ መብታችሁ ነው። ሦስት አራት አማራጭ አይታችሁ ወስኑ።

ስድስተኛ፦ ተቀባይነት ካገኛችሁ በኋላ

የኤንአርሲኤስ ባለሙያ ወይም እሱ የሚወክለው ሰው የጥበቃ ዕቅድ ያዘጋጃል። ምን ዘር፣ በኤከር ስንት፣ በየትኛው ወር፣ አረሙ እንዴት እንደሚያዝ ሁሉ ይጻፍበታል። ዕቅዱ የውሉ አካል ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት መሬቱ ላይ አብራችሁት ሂዱ። የማትችሉት ነገር ከተጻፈ ያኔውኑ ተናገሩ። በዕቅዱ ላይ ያልተስማማችሁበትን ከፈረማችሁ በኋላ መቀየር ከባድ ነው።

ውሉን የሚያጸድቀው የካውንቲው ኮሚቴ ነው። አባላቱ በአካባቢው ገበሬዎች የሚመረጡ ናቸው። እናንተም በኤፍኤስኤ መዝገብ ውስጥ ከገባችሁ መምረጥ፣ መመረጥም ትችላላችሁ። የድምፅ መስጫው በፖስታ ሲመጣላችሁ አትጣሉት።

ውሉ እስኪጸድቅ ድረስ ምንም አትዝሩ፣ የዘር ውልም አትግቡ። ይህን ደግሜ የምናገረው ገንዘብ የሚያስከፍል ስለሆነ ነው። ቀድሞ የተጀመረ ሥራ የወጪ መጋራት አያገኝም።

ማመልከቻችሁ ውድቅ ከተደረገ በደብዳቤ ይነገራችኋል። ይግባኝ አለ። ለካውንቲው ኮሚቴ እንደገና እንዲያየው መጠየቅ ወይም ወደ ብሔራዊው የይግባኝ ክፍል መሄድ ይቻላል። ጊዜው 30 ቀን ነው፤ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። በነጥብ ብቻ ከወደቃችሁ ግን ይግባኙ ላይ ከመድከም ሽፋኑን አሻሽሎ በሚቀጥለው ዙር ማቅረብ ይሻላል።

ሰባተኛ፦ በየዓመቱ የሚጠበቅባችሁ

በየዓመቱ የመሬት ሪፖርት ታቀርባላችሁ። ፎርሙ ኤፍኤስኤ-578 ነው፤ በአብዛኛው ቦታ የመጨረሻው ቀን ጁላይ 15 ነው። ሪፖርቱ ካልቀረበ ክፍያው ይዘገያል ወይም ይቀራል።

ሣሩን እንደ ቤት ግቢ ማጨድ ክልክል ነው። ለውበት ተብሎ ማጨድ በየትኛውም ወቅት አይፈቀድም። ወፎች እንቁላል በሚጥሉበት ወቅት ደግሞ ማሳው ጭራሹን አይነካም፤ ቀኑ በየስቴቱ ይለያያል። ጎረቤት "መሬትህ ዳዋ ዋጠው" ቢላችሁ አትፈሩ፤ ለድርጭቷ ቤቷ ያ ዳዋ ነው። ነገር ግን በሕግ ጎጂ የተባለ አረም ከወጣ መቆጣጠር ግዴታችሁ ነው። በእንቁላል ወቅት ከሆነ መጀመሪያ ቢሮውን አስፈቅዱ።

ከብት ማሰማራት ወይም ድርቆሽ ማጨድም ያለ ፈቃድ አይቻልም። ድርቅ ሲገባ አስቸኳይ ፈቃድ ይሰጣል። በሌላ ጊዜም በተወሰነ ዙር የሚፈቀድ አለ፤ አንዳንዱ የዓመቱን ኪራይ ይቀንሳል። አደን ግን ይፈቀዳል፤ የአደን መብቱን አከራይቶ ተጨማሪ ገቢ ማግኘትም አይከለከልም። የኤፍኤስኤ ሠራተኞች መሬቱን መጥተው ያያሉ፤ የአየር ፎቶም ይጠቀማሉ። ያልተፈቀደ መንገድ፣ ቤት ወይም የተከመረ ዕቃ ይታያል።

ግብር አለበት። በዓመቱ መጨረሻ 1099-ጂ የሚባል ቅጽ ይላክላችኋል። ገቢው በግብር ማስታወቂያችሁ ላይ ይገባል። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ወይም የአካል ጉዳት ክፍያ የሚቀበል ሰው ከሲአርፒ ኪራይ ላይ የራስ ሠራተኛ ግብር አይከፍልም፤ ይህ በ2008ቱ የግብርና ሕግ የመጣ ነው። ለሌሎቻችሁ እንደየሁኔታው ይለያያል። ታክሲ ወይም ሱቅ ብቻ የሚያውቅ የግብር ሠራተኛ ሳይሆን እርሻ የሚያውቅ ፈልጉ።

መሬቱ ቢሸጥ፣ ባለቤቱ ቢሞት

ውሉ ሳያልቅ መሬቱን ብትሸጡ አዲሱ ገዢ ውሉን ሊረከብ ይችላል። ካልተረከበ ግን ዕዳው የእናንተ ነው። እስከዚያ የተቀበላችሁትን ኪራይና የወጪ መጋራት በሙሉ ከነወለዱ፣ ከውል ማፍረሻ ቅጣት ጋር ትመልሳላችሁ። በስምንተኛው ዓመት የሸጠ ሰው የስምንት ዓመት ገንዘብ ይጠየቃል ማለት ነው። ስለዚህ የሽያጭ ውሉ ላይ "ገዢው የሲአርፒውን ውል ይረከባል" የሚል አንቀጽ አስገቡ፤ ሽያጩ እንዳለቀም ወዲያው ለቢሮው አሳውቁ። በግዢም በኩል ያው ነው። መሬት ከመግዛታችሁ በፊት "የሲአርፒ ውል አለበት ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ካለ የውሉን ቅጂ አይታችሁ ግዙ።

ባለቤቱ ከሞተ ወራሾች ውሉን መቀጠል ይችላሉ። የሞት የምስክር ወረቀትና የውርስ ሰነድ ይቀርባል። ልጆቻችሁ መሬቱ በውል መታሰሩን፣ ፋይሉም የት እንዳለ ይወቁ።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። ሲአርፒ የሚቆመው በግብርና ሕጉ ላይ ነው። የ2018ቱ ሕግ ጊዜው ካለፈበት ከ2023 ወዲህ በአጭር በአጭሩ ሲራዘም ቆይቷል። በእነዚህ መሃል አዲስ ምዝገባ የሚቆምበት ጊዜ ይኖራል። የተፈረመ ውል ግን ክፍያው ይቀጥላል። የዓመቱን የምዝገባ ቀንና የወቅቱን ተመን ሁልጊዜ ከካውንቲው ቢሮ አረጋግጡ።

ውሉ ሲያልቅ

ውሎች የሚያልቁት ሴፕቴምበር 30 ነው። ከዚያ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድማችሁ ቢሮ ሂዱ። እንደገና ማቅረብ ትችላላችሁ፤ ሣሩን ለግጦሽ ማዋል ትችላላችሁ፤ ማረስም ትችላላችሁ። ተሸርሻሪ መሬት ከሆነ ግን ለማረስ የጥበቃ ዕቅድ ያስፈልጋል። ግጦሽ ላሰባችሁ፣ ሣሩ ስለቆመ አጥርና ውሃ ብቻ ነው የሚጎድላችሁ።

ጡረታ ለመውጣት የተቃረበ ባለመሬት ደግሞ ቲፕ የሚባለውን ይጠይቅ። ውሉ እያለቀ ያለውን መሬት ቤተሰቡ ላልሆነ አዲስ ገበሬ ወይም የቀድሞ ወታደር ቢሸጥ ወይም ለረጅም ጊዜ ቢያከራይ እስከ ሁለት ተጨማሪ ዓመታት ኪራይ ይከፈለዋል። አዲስ ገበሬ የሚባለው በእርሻ ሥራ ከ10 ዓመት ያልበለጠ ሰው ነው። ይህ ከሌላው ጫፍ ሆናችሁ ስታዩትም ጥሩ ዕድል ነው። እርሻ መጀመር የሚፈልጉ ወጣቶቻችን ትልቁ ችግራቸው መሬት ነው። በአካባቢያቸው የሲአርፒ ውሉ ሊያልቅ የተቃረበ አዛውንት ገበሬ ካለ፣ ሄደው ስለ ቲፕ ያንሱበት፤ ሰውየው ላያውቀው ይችላል። ተስማምተው ውሉ ከማለቁ በፊት አብረው ካውንቲው ቢሮ መግባት አለባቸው።